አባባ የተጫወቱትን አምባሰል የት ላስቀምጠው? ከትልቁ የቪዲዮ መድረክ ውጪ የሞከራችሁ ምከሩኝ

የሐይቋ ልጅ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ የምኖር የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ነው። እንጀራዬ ሠርግ፣ መልስ፣ ኒካህና ክርስትና ነው። ከሥራ በተረፈኝ ቀን ግን ካሜራዬን ይዤ ገጠር እወጣለሁ፤ ማሲንቆ የሚመቱ፣ መንዙማ የሚያወጡ፣ እህል ሲወቃ የሚያዜሙ አረጋውያንን እቀርጻለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። 140 ቪዲዮ ሰብስቤያለሁ። ከቀረጽኳቸው ሰዎች ሰባቱ አርፈዋል። ድምፃቸው ያለው እኔ ጋ ባለ አንድ ሃርድ ዲስክና በአንድ ቻናል ላይ ብቻ ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ከውጫሌ ወደ ላይ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ አንድ አባት አሉ። ሳላስፈቅድ ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ሰማንያን አልፈዋል። ማሲንቆዋን ራሳቸው ናቸው የሠሯት፤ ቆዳውን ወጥረው፣ የፈረስ ጭራውን ገምደው። ኅዳር ላይ ጤፉ ታጭዶ ሲያበቃ ደጃፋቸው ተቀምጠው 11 ደቂቃ ሙሉ አምባሰል ተጫወቱልኝ። ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል፣ የልጅ ልጃቸው እየመጣች ትደገፋቸዋለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቅኝቱ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከአገራቸው ነው። ቀና ካላችሁ ተራራው ይታያል።

ቪዲዮውን በለቀቅኩ ማግስት ማሳወቂያ መጣልኝ፦ ሙዚቃው የሌላ ድርጅት ንብረት ነው፣ ከእንግዲህ የማስታወቂያው ገቢ ወደዚያ ይሄዳል የሚል። መድረኩንም ድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ የመጣሁት ለክስ አይደለም። ሰው ሰምቶ የወሰነው አልነበረም፣ ማሽን ከሌላ ቅጂ ጋር አመሳስሎት ነው። አቤቱታ አስገባሁ፣ በአንድ መስመር ውድቅ ሆነ። ከዚያ በሁለት ሌሎች ቪዲዮዎች ላይም ያው መጣ። ቻናሌ ይዘጋል ብዬ ፈርቼ ሦስቱንም በገዛ እጄ አነሳኋቸው።

ለአባባ ሄጄ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "አምባሰልን ማን ገዛው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላም አለ። ጀማ ንጉሥ አካባቢ መንዙማ የሚያወጡ እናቶች ቀርጬ ነበር። በድቤና በጭብጨባ፣ ሌሊቱን ሙሉ። የነቢን ውዳሴ እያሉ መሀል ላይ የቢራ ማስታወቂያ ገባበት። ማስታወቂያውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ እናቶቹ ግን የሚያውቁት እኔን ነው። አንዷ በልጇ ስልክ አይተውት ደወሉልኝ። አልተቆጡኝም፣ "ልጄ፣ ይኸ ባይኖር" ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። እሱንም አነሳሁት።

ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ እወደዋለሁም። ግን በ2015 የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም አንድ ላይ ተገድበው ለወራት መቆየታቸውን አልረሳሁም። ያ ገና ከመነሳቱ ደግሞ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ራሱ ጠፋ። አንዱን ትቶ ወደ ሌላው መሄድ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ያኔ ገብቶኛል።

ትልቁን መድረክ ጥሎ መውጣትም ቀላል አይደለም። ተመልካቾቼ ጅዳ፣ ሪያድና ቤሩት የሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ናቸው። ማታ ሥራ ሲጨርሱ ይከፍቱታል። አንዷ "የእናቴ ደጃፍ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ" ብላ ጽፋልኛለች። እሷን አዲስ ቦታ ፈልጊ፣ አዲስ አካውንት ክፈቺ ማለት እንዴት ይሆናል? ገቢው አያሳስበኝም፤ አካውንቱ ውጭ ባለ የአክስቴ ልጅ ስም ነው፣ አምና ያገኘሁት ለአባባ አንድ ጋቢ ከመግዛት ብዙም አላለፈ። ግን ድምፃቸው ሰው አይቶት ለእሳቸው ምንም ካልደረሳቸው ያሳፍረኛል።

ፒርቲዩብ የሚባለውን የሞከረ አለ? ሌላስ ምን አለ? ከልምድ የምትነግሩኝን ነው የምፈልገው።

ሜሞሪ ጫኝ (ወልዲያ)፦

እህቴ አብሽሪ። እኔ ስለ ሰርቨር አላውቅም። ሥራዬ ሜሞሪና ፍላሽ ላይ ዘፈንና ፊልም መጫን ነው። በገበያ ቀን ከላስታም ከራያም የሚመጣው ሰው "ምን አዲስ አለ?" አይለኝም። "የኛን አገር ማሲንቆ ጫንልኝ" ነው የሚለኝ። መድረኩ ቢዘጋም ኔትወርክ ቢጠፋም ሱቄ አልተዘጋም። በ2015ም በ2016ም ያው ነበር፤ እንዲያውም ያኔ ነው ሰው የበዛው።

ስለዚህ ለገጠሩ ሰው በትንሽ መጠን አዘጋጂለት። ባለ ቁልፏ ስልክ ላይ የሚከፈት፣ 240 ፒክስል የሆነ። አሥር ደቂቃው ከ25 ሜጋባይት እንዳይበልጥ። ድምፅ ብቻ ደግሞ ለብቻው አዘጋጂ፣ አምስት ሜጋባይት አይሞላም። እረኛም ሹፌርም የሚሰማው እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን ልናገር። እንደኔ ያሉ ሱቆች የሰው ሥራ ሲጭኑ ለባለቤቱ ከፍለው አያውቁም። እኔም አልከፈልኩም። የአባባን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ከበደኝ። የአንቺን ቪዲዮዎች ከላክሽልኝ በአንድ ጭነት አምስት ብር ለተጫዋቹ እመዘግባለሁ፣ ወር ሲሞላ እልካለሁ። ደሴ ሸዋ በር ያለው ጓደኛዬም እሺ ብሏል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

የኔትወርክ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሁለት ዓመት አነስተኛ የፒርቲዩብ ሰርቨር አስተዳድሬያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ፒርቲዩብ አንድ ድረ ገጽ አይደለም፤ ማንም ሰው በራሱ ሰርቨር (ቪዲዮው ተቀምጦ ለተመልካች በሚቀርብበት ኮምፒውተር) ላይ የሚተክለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። የሚያዘጋጀው ፍራማሶፍት የሚባል የፈረንሳይ ማኅበር ነው፣ ለትርፍ የሚሠራ አይደለም፤ የመጀመሪያው የተረጋጋ ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ጥቅምት ነው። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ላይ ያለ ቪዲዮ ከሌላው ሊታይ ይችላል። እንደ ማኅበር ድግስ አስቢው፤ ጠላው በየቤቱ ይጠመቃል፣ የሚጠጣው ግን አንድ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ በራሱ ማስታወቂያ አይጨምርም፣ ስለዚህ የእናቶቹ መንዙማ ሳይቆረጥ ይሰማል። እያንዳንዱን ዜማ ከሌላ ቅጂ ጋር የሚያመሳስል ማሽንም የለውም። ግን አቤቱታ ከመጣ የሰርቨሩ ባለቤት መልስ ይሰጣል፤ ልዩነቱ የምታናግሪው ሰው መኖሩ ነው።

መጀመሪያ የራስሽን ሰርቨር አትትከዪ። ለእኔ ከባዱ ሶፍትዌሩ አልነበረም፤ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈሉ ነበር፣ ለዚያም የወንድሜን ካርድ ነበር የምለምነው። ቪዲዮውን በየመጠኑ እየለወጠ የሚያዘጋጀው ሥራም ደካማ ማሽንን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። አንቺ 140 ቪዲዮ አለሽ። አንዱን 11 ደቂቃ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ብናስቀምጠው 660 ሜጋባይት ነው፤ ሁሉም በዚህ መጠን ቢሆን ከ92 ጊጋባይት በላይ ይሆናል፣ ያውም ትንንሾቹን ቅጂዎች ሳንቆጥር። ስለዚህ ደንቡን አንብበሽ፣ የሚሰጠውን ቦታ አይተሽ ሌላ ሰው በሚያስተዳድረው ሰርቨር ላይ አካውንት ክፈቺ። ተመልካቹ አካውንት ሳይኖረው ሊንኩን ተጭኖ ያያል፤ ለጅዳዋ ልጅ ይኸ ይጠቅማታል።

አንድ ጥንቃቄ። ፒርቲዩብ ላይ የሚያዩት ሰዎች ቪዲዮውን እርስ በርስ እንዲቀባበሉት ተደርጎ ነው የተሠራው። የሰርቨሩን ሸክም ያቀላል፣ ግን በሞባይል ፓኬጅ የሚያይ ሰው ከፓኬጁ ላይ ሊቆረጥበት ይችላል። ከቅንብሩ ውስጥ ይጠፋል፣ ንገሪያቸው።

የማያደርግልሽን ደግሞ ልንገርሽ፤ ተመልካች አያመጣልሽም። አንዱን ያየ ሰው ፊት ሌላውን እየደረደረ የሚያስከትለው ነገር እንደ ትልቆቹ ጠንካራ አይደለም። እኔ ሰርቨሩን የተውኩት በዚህ ምክንያት አልነበረም፣ ግን ልቤን ያቀዘቀዘው እሱ ነው። ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን አሥራ አራት ሰው ሲያየው ያማል።

ዋናውን ቅጂ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ጫኚው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መዛግብት ነው፤ መጫን በነጻ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ2024 ጥቅምት በሳይበር ጥቃት ለቀናት ጠፍቶ ነበርና ብቸኛ ማስቀመጫ አታድርጊው። ቪሜዮ የሚባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ይህን ያህል ቪዲዮ ለማስቀመጥ ከፍለሽ የምትጠቀሚበት ነው፤ ለሠርግ ደንበኞችሽ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አልመክርሽም። ኦዲሲ የሚባለውን የቪዲዮ ድረ ገጽ የሚያነሱልሽ ይኖራሉ። እሱን የመሠረተው ኤልቢአርዋይ የሚባል ድርጅት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተረትቶ እ.ኤ.አ. በ2023 መዘጋቱን አስታውሺ። ድረ ገጹ በሌላ እጅ ቀጥሏል፤ አማራጭ የተባለ ሁሉ ዘላቂ አይደለም ለማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ግዢና ሐይቅ ቤተሰቦችሽ ጋ አስቀምጪው። ይኸን ሳታደርጊ ስለ መድረክ አታስቢ።

የባቲ ሰኞ፦

ጠበቃ ነኝ። ከላይ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ቆጨኝ፦ ቪዲዮዎቹን ማንሳትሽ።

መድረክሽን ስላልጠቀስሽ እኔ በቅርብ የማውቀውን የዩቲዩብን ደንብ ለምሳሌ ልውሰድ። እዚያ ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) እና ስትራይክ (በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ማስጠንቀቂያ) አንድ አይደሉም። በማሽን የመጣ ክሌም ገቢውን ይወስዳል እንጂ ብቻውን ቻናል አያዘጋም። ተቃውሞ ካቀረብሽ ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ውድቅ ካደረገው ይግባኝ ትያለሽ፣ ያኔ 7 ቀን አለው። ስትራይክ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በመደበኛ መንገድ ይውረድልኝ ብሎ ከጸና ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ነው ቻናል የሚያዘጋው። ሌላ መድረክ ከሆነ የራሱን ደንብ አንብቢ፣ ግን ሳታነብቢ በፍርሃት አታንሺ።

ሌላው፣ ዜማና ቅጂ ይለያያሉ። አምባሰልም ባቲም ትዝታም አንቺ ሆዬም የሕዝብ ናቸው። አንድ አሳታሚ ካሴት ላይ ያስቀረጸው ድምፅ ግን የእሱ ነው። አባባ ደጃፋቸው ላይ የተጫወቱት ደግሞ የአባባ ነው! በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጫዋችም መብት አለው። ስለዚህ ፈቃዳቸውን በካሜራ ፊት ቅረጪ፤ የት እንደሚወጣ፣ ማስታወቂያ ይኑረው አይኑረው፣ ገንዘብ ከመጣ እንዴት እንደምትካፈሉ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ለመንዙማዎቹ እናቶችም እንዲሁ። አንቺም ብትሆኚ ያለ ፈቃድ ቀርጸሽ ከሆነ ተመልሰሽ ሂጂ።

የሐይቋ ልጅ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ጠፍቼ የቆየሁት ተመልሼ እየሄድኩ ስለነበር ነው። የባቲ ሰኞ፣ እውነትሽን ነው፤ ከ140ው 31ዱን ያለ በቂ ፈቃድ ነበር የቀረጽኳቸው። ዘጠኙን አግኝቻቸዋለሁ፣ ሌሎቹ ጋ እየሄድኩ ነው። አንድ ሼህ አልፈልግም አሉኝ፣ ቪዲዮውን እዚያው እፊታቸው ሰረዝኩት።

ሁለተኛው ዲስክ ሐይቅ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። 52 ቪዲዮ አርካይቩ ላይ ጭኛለሁ፣ ሌሊት ሌሊት። ፒርቲዩብ ላይም አካውንት አገኘሁ፤ መንዙማዎቹ በሙሉ ያሉት እዚያ ብቻ ነው። ትልቁ መድረክ ላይ የሁለት ሁለት ደቂቃ ቁራጭ ትቼ ሙሉው የት እንዳለ በድምፄ እናገራለሁ። የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው። ቦርከና እንዳልከው ያማል። ለወልዲያው ወንድሜ ፍላሹን በሹፌር ልኬለታለሁ።

የአባባን አምባሰል መልሼ ለቅቄዋለሁ። መጨረሻው ላይ የልጃቸው የቴሌብር ቁጥር ይታያል፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያሉኝ፣ "ዱሮም ብሩን ግንባሬ ላይ ይለጥፉልኝ ነበር፣ አሁን እዚህ ይለጥፉት።" ልጃቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያለው፣ *127# ብሎ ያየዋል። ከአራት ቀን በኋላ 200 ብር ገባ። ያቺ ጅዳ ያለችው ልጅ መርሳ ለምትኖር እናቷ ነግራ ነው ያስላከችው።

ብሩ መግባቱን ስነግራቸው አባባ የጠየቁኝ ስለ ብሩ አልነበረም፣ "ስሟ ማን ነው?" ብለው ነው። ነገርኳቸው። ማሲንቆዋን ከግድግዳው አወረዱና፦

ከጅዳ ላከችኝ ባሕሩን አሻግራ፣
እኔም ስሟን ጠራሁ ካምባሰል ተራራ።

ስሟን እየደጋገሙ አራት ደቂቃ ተጫወቱላት። ዛሬ ማታ ልጭነው ነው። እሷ ኔትወርኳ ደካማ ስለሆነ ድምፅ ብቻ ሆኖም እንዲደርሳት እፈልጋለሁ። ቦርከና፣ ፒርቲዩብ ላይ ድምፅ ብቻ የሚለው ምርጫ እኔ ጋ አይታየኝም፤ የሚከፍተው የሰርቨሩ ባለቤት ነው ወይስ ከእኔ በኩል የረሳሁት ነገር አለ?