የመጀመሪያው የፖድካስቴ እንግዳ ታፔላ ጸሐፊ ናቸው፤ ከየት ልጀምር?

የፒያሳዋ ዲዛይነር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። ባነር፣ የኤግዚቢሽን ካታሎግ፣ የቴአትር ፖስተር፣ የሠርግ ካርድ እንሠራለን። ስለዚህ ሠዓሊው፣ ተዋናዩ፣ ገጣሚው ሁሉ አንድ ቀን ኮምፒውተሬ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። «ቀዩ ትንሽ ይድመቅ» እያለ ያስጨንቀኝና በመሃል ወሬውን ይጀምራል። ወሬው ደግሞ በቴሌቪዥን ከምንሰማው ቃለ መጠይቅ በብዙ ይጥማል። አንዱ ኪራይ ጨምሮበት ሸራዎቹን እህቱ ሳሎን ውስጥ እንደከመረ ይነግረኛል። ሌላዋ ልምምድ ላይ ለምን እንደተኮራረፉ። ይሄ ለምን አይቀረጽም አልኩና ስለ አዲስ አበባ የጥበብ ሰዎች ፖድካስት ልጀምር ተነሳሁ።

የመጀመሪያው እንግዳዬ ድሮ ታፔላ በእጃቸው ይጽፉ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በዘይት ቀለምና በብሩሽ፣ ያለ ማስመሪያ። እንጀራቸውን የወሰደባቸው የእኛ የባነር ማሽን ነው። እሳቸውም ያውቁታል፣ እየሳቁ ነው የሚነግሩኝ። እሺ ብለውኛል። ግን ለሙከራ ስልኬን አውጥቼ ስቀርጻቸው ሌላ ሰው ሆኑብኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህንን ዕድል ስለሰጣችሁኝ በኢትዮጵያ ሕዝብ ስም አመሰግናለሁ» አሉ። ብቻዬን ነበርኩ እኮ!

እንዴት ነው ወደ ራሳቸው የምመልሳቸው? አንቱታውስ ሲደመጥ አይከብድም? የት ልቅረጽ? ስቱዲዮ የመከራየት አቅም የለኝም። ለመግቢያ ደግሞ አንድ የድሮ ሸክላ ላይ ያለ ዘፈን አለ፣ 15 ሰከንድ ብቻ ብወስድ ችግር አለው?

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ሬዲዮ ቤት ብዙ ኖሬያለሁ። ሽማግሌው ያሉሽን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ናቸው ያስተማሯቸው። ሁሉም ቃለ መጠይቅ «እስቲ ስለ ውልደትና ዕድገትዎ ያጫውቱን» ብሎ ስለሚጀምር፣ እንግዳውም ቀብር ላይ እንደሚነበብ የሕይወት ታሪክ አድርጎ ይመልስልሻል። ተወለደ፣ ተማረ፣ አገለገለ።

አንቺ ብሩሽ አስይዢያቸው። ቁራጭ ላሜራ ፊታቸው አስቀምጪና የሱቅ ስም ጻፉልኝ በያቸው። ከየትኛው ፊደል ይጀምራሉ? ቦታው ቢጠባቸው ምን ያደርጋሉ? ባለ ሱቁ ፊደል ስቶ ሲያዝዛቸው ያርሙለት ነበር ወይስ እንዳለው ይጽፉለት ነበር? እዚህ ጋ በኢትዮጵያ ሕዝብ ስም የሚመለስ ነገር የለም። ብሩሹ ላሜራው ላይ ሲሄድ የሚሰማውን ድምፅም አትጣይው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቂያቸው። ሰው ዓመት ሲጠየቅ ይደናገጣል፣ ቦታ ሲጠየቅ ግን ያስታውሳል። «ሀገር ፍቅር ፊት ለፊት ያኔ ማን ነበር?» በያቸው። ዓመቱን ቤትሽ ገብተሽ አጣሪ፤ ለመነሻ የተመሠረቱበትን ልንገርሽ፦ ሀገር ፍቅር 1927፣ ብሔራዊ ቴአትር 1948፣ የአለ ፈለገሰላም የሥዕል ትምህርት ቤት 1950። እንግዳሽ ቢሳሳቱ እዚያው አታርሚያቸው። በኋላ በመግቢያሽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፣ ይበቃል።

አንቱታውን ተይው፣ ምንም አይከብድም። የሚከብደው በየዓረፍተ ነገሩ «ጋሼ» ማለት ነው። ከእኩዮችሽ ጋር አንተና አንቺ ተባባሉ። በመሃል መቀያየር ብቻ አይሁን።

ድምፅ አጥማጅ፦

ካፌ እርሺው። ቡና መፍጫው አንድ ጊዜ ሲጮህ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይዞብሽ ይሄዳል፣ ያንን ደግሞ ማንም ኤዲት አድርጎ አይመልስልሽም። የወረቀት መጋዘን የላችሁም? ማተሚያ ቤት ውስጥ ከዚያ የተሻለ ክፍል አታገኚም። የወረቀቱ ክምር ድምፁን ይሰባብርልሻል። ከእንግዳሽ ጀርባ ባዶ ግድግዳ ካለ ጋቢ ስቀዪበት፣ አሥር ጊዜ ይለወጣል።

እሑድ ከሰዓት ማሽኑ ሲቆም ቅረጪ። በወሩ በ23 ግን እንዳትሞክሪው፣ ጊዮርጊስ ነው፣ ፒያሳ በሙሉ ድምፅ ማጉያ ይሆናል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ክረምቱንም እርሺው።

ማይክ ከአፍ አንድ ስንዝር። ሁለት ማይክ፣ ሁለት ትራክ፤ የእያንዳንዳችሁ ድምፅ ለየብቻው ይቀዳ። አንድ ላይ ከተቀዳ የአንቺ ሳቅ የእሳቸውን ቃል ሲሸፍነው መለየት አትችይም። የመቅረጫውን የጥራት ማስተካከያ 48 ኪሎ ኸርትዝ፣ 24 ቢት ላይ አድርጊው። ከፍ ብለው ሲናገሩ የመቅረጫው የድምፅ መለኪያ ከኔጌቲቭ 12 ዴሲቤል ብዙ እንዳያልፍ። የሁለታችሁም ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ የባዶ ክፍሉን ድምፅ 30 ሰከንድ ቅረጪ። ኤዲት ስታደርጊ የቆረጥሽበትን ቦታ የሚሸፍንልሽ እሱ ነው። ውድ ማይክ አትግዢ፣ ገና ነው።

ሸራና ዕዳ፦

ሠዓሊ ነኝ። ፖድካስት ላይ ተጋብዤ አውቃለሁና የእንግዳ ወገን ልሁን። ደውለው «ለጥበቡ ዕድገት» ብለው ይለምኑሃል፣ ግማሽ ቀንህን ይወስዳሉ፣ ከዚያ ሊንኩን ከሌላ ሰው ትሰማለህ። አንቺ ቢያንስ ሊንኩን ላኪ። የታክሲም ስጪ፣ አያዋርድም።

ገንዘብ ጠይቂን። ሸራ ስንት ገባ፣ ቀለም ከየት ይመጣል፣ ጋለሪ ስንት ይቆርጣል። «ጥበብ ለእርስዎ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ካየሁ ግን ማዳመጤን አቆማለሁ።

ሌላው፣ ሁሉም ክፍል ስለ ፈረሰ ሠፈር ለቅሶ እንዳይሆን ተጠንቀቂ። እኔ ካዛንቺስ ነበርኩ። በ2017 ሠፈሩ ሲነሳ የአዝማሪ ቤቱና የባህል ማዕከሉ ፈንዲቃም አብሮ ተነሳ፣ ሥዕል የሰቀልኩበት ግድግዳ ነበር። ፒያሳም 2016 ላይ ሲፈርስ የሆነውን ታውቂዋለሽ። መነገር አለበት፣ አልካድኩም። ግን ሰው ሲያዝን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚያወራው። «አሁን የት ነው የምትሠራው?» ብለሽ ጠይቂ። ያኔ አንዱ ጋራዥ ይልሻል፣ አንዱ የአማቱ በረንዳ፣ አንዱ በሌሊት ብቻ። ወሬው እዚያ ነው ያለው።

ስለ ሌላ ሠዓሊ ብትጠይቂኝ ደግሞ «ሁሉም ጎበዝ ነው» ነው የምልሽ። ስም የምጠራው ማይኩ ሲጠፋ ነው። ተይው፣ ይሉኝታ ነው፣ አታስጨንቂን።

ክራር ያዥ፦

ስለ ዘፈኑ ማንም አልመለሰልሽም። አሮጌ ስለሆነ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በ2007 ተሻሽሏል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የዘፋኙና የአሳታሚው መብት ደግሞ ለብቻው አለ። 15 ሰከንድ ቢሆንም ባለቤቶቹን አስፈቅጂ፣ ወይም ተይው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ፈልጊና ክራር ወይም ዋሽንት ያስቀዳልሽ። ክፈዪው፣ አንዲት ወረቀት ላይ ተፈራረሙ።

አዝማሪ ስትጋብዢም እንደዚያው። ማውራት ሌላ፣ ማሲንቆ ማስያዝ ሌላ ነው። አዝማሪ የሚኖረው ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ብር ነው፣ አንቺ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚለጥፍ የለም። እንግዳ ፍለጋ ከጨነቀሽ የግጥም በጃዝ ምሽት ሲኖር ሂጂና ከኋላ ቁሚ። መድረኩ ላይ ካለው ይልቅ ከኋላ ቆሞ የሚያጉረመርመው ብዙ ጊዜ የተሻለ እንግዳ ይሆናል።

የፒያሳዋ ዲዛይነር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወረቀት መጋዘኑን አለቃዬ ፈቀደልኝ፣ እሑድ ከ9 ሰዓት በኋላ። ላሜራም አገኘሁ። ዘፈኑን ተውኩት፣ ቅር ቢለኝም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ብዙ አድማጭ በቴሌግራም ነው የሚያወርደው፣ ፋይሉ እንዳይከብድባቸው ምን ላድርግ? ደግሞ ሳልለቀው በፊት ለእንግዳው ላሰማ ወይስ አላሰማ?

ድምፅ አጥማጅ፦

ንግግር ብቻ ስለሆነ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል)፣ 64 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አድርጊው። አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ዋናውን ግን ሳይጨመቅ በዋቭ ፋይል አስቀምጪ፣ አትሰርዢው።

ጡረተኛው፦

አሰሚያቸው። ግን አትላኪላቸው፣ ሄደሽ አብረሻቸው ስሚ። ስም፣ ቀን፣ የቤተሰብ ጉዳይ ካለ ያርሙ። «ይሄ ሳቄ ይውጣ» ካሉሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂያቸው እንጂ ወዲያው አትቁረጪው። የጆሮ ማዳመጫ አታድርጊላቸው፣ በስፒከር ይሁን። ሰው የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ሁሉም ነገር ይውጣልኝ ይላል።