በጓሮ ቲማቲም ላይ የሚገኙ ትሎችን እንዴት እንለያለን?

ቦርከና (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ በሚገኘው ጓሮዬ ያለማሁት ቲማቲም ፍሬ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ዓይነት ጉዳት እየታየበት ነው። አንዳንዱ ቅጠል ላይ ነጣ ያለ ሰፊ ነጠብጣብ ይወጣና እየቆየ ምች የመታው መስሎ ይደርቃል፤ ከአረንጓዴዎቹ ፍሬዎች ደግሞ አንዳንዶቹ ተበስተው ግማሽ አካሉን ወደ ውስጥ ያስገባ ትል ይገኝባቸዋል። አንዱ ትል አረንጓዴ ሲሆን ሌላው ቡናማ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉንም ተምች ይሉታል፣ መድኃኒት ሻጩም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ጠርሙስ ሊሰጠኝ ነበር። ልጆች ፍሬውን እየቀጠፉ ስለሚበሉ ሳልለይ መርጨት አልፈልግም። በምን ልለያቸው?

የጦሳ ግርጌ፦
ጠያቂያችን፣ ሳይለዩ አለመርጨትዎ እጅግ ተገቢ ነው። ትሉን በቀለሙ ለመለየት አይሞክሩ፤ የበላበትን ቦታና አበላሉን ይመልከቱ። ፍሬውን የበሳው ጓይ ትል ይመስለኛል፤ አረንጓዴም፣ ቡናማም፣ ወደ ሮዝ ያደላም ሊሆን ስለሚችል ያዩዋቸው ሁለቱ አንድ ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም። በጎንና በጎኑ ፈዘዝ ያለ መስመር አለው፣ ሲያድግም እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እርስ በርሱ ስለሚበላላ በአንድ ፍሬ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ይገኛል፤ ነገር ግን አንዱን ፍሬ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ጥቂት ትሎች ብዙ ፍሬ ያበላሻሉ። ሽምብራ፣ ማሽላና በቆሎም ስለሚያጠቃ በአቅራቢያዎ የተዘራውንም ይቃኙ።

የቅጠሉ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ቅጠሉን ቀጥፈው ወደ ፀሐይ አንሥተው ይዩት፦ ከላይኛውና ከታችኛው ስስ ሽፋን መካከል ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ትልና ጥቁር ኩስ ካዩ ቱታ አብሶሉታ (ባጭሩ ቱታ) የተባለ ትንሽ የእሳት ራት ዕጭ ነው። ይህ ተባይ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን፣ በ2012 ደግሞ አገራችን ገብቷል። በቅጠሉ ላይ የሚታየው ሰፊ ነጠብጣብ ሳይሆን ቀጭን ጠመዝማዛ መስመር ከሆነ ግን የትንሽ ዝንብ ዕጭ ሥራ ነው፤ ጉዳቱም ቀላል ነው።

መስኖ (ከደሴ)፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቱታ ፍሬንም ይበሳል፤ የእርሱ ቀዳዳ ግን የመርፌ ጫፍ ያህል ሲሆን ፍሬው ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ይበዛል። የዕድገቱ ፍጥነት በሙቀት ስለሚወሰን፣ ከእኛ ደሴ ይልቅ ሞቃት በሆነችው ኮምቦልቻ ትውልዱ ቶሎ ቶሎ ይተካካል፤ ስለዚህ ክትትልዎ ጠበቅ ያለ መሆን አለበት። አዲስ የተተከለ ችግኝ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ካገኙት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ አፈሩን ጫር ጫር ሲያደርጉ ተጠቅልሎ የተኛ ቆራጭ ትል ያገኛሉ።

ቦርከና፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ሳየው ትሉም ኩሱም በግልጽ ታየኝ። አሁን ከየት ልጀምር?

የጦሳ ግርጌ፦
በእጅ ከመልቀም ይጀምሩ። ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠልና የተበሳውን ፍሬ ሰብስበው በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀው አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት፣ ትሉ እዚያ ዕድገቱን ሊጨርስ ይችላልና። የሚረጭ ካስፈለገ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው የባክቴሪያ ዝግጅት ትልን ለይቶ ያጠቃል፤ የፀሐይ ብርሃን ስለሚያዳክመው ወደ ማታ ይረጫል፣ የሚሠራውም በትሉ ሲበላ ስለሆነ ትሉ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መድረስ አለበት። ሌላ ኬሚካል ቅጠሉ ውስጥ ያለውን በቀላሉ አያገኘውም፤ ቱታም በብዙ አገሮች በርካታ ኬሚካሎችን ተለማምዷል። ግድ ሆኖ ከረጩ በመለያ ወረቀቱ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ የተቀመጠው ቀን ሳይሞላ ልጆቹ ፍሬውን እንዳይቀጥፉ ያድርጉ። ድንችም ለቱታ ምግቡ ስለሆነ ከቲማቲሙ አጠገብ አይትከሉ፤ ምርቱ ሲያልቅም አሮጌውን ተክል ነቅለው ያስወግዱ። የታመመውን ቅጠል ከነትሉ ይዘው ወደ ቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ቢሄዱም መልካም ነው።