ኒቅያ ፈጠረችው ወይስ አገኘችው? ስለ መሲሑ አምላክነት የተደረገ ክርክር

ጠያቂው፦ ትናንት በግማሽ የቀረውን ነገር እኔው ልክፈተው። አንድ ወንድማችን «ኢየሱስን አምላክ ያደረገው በ325 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) በኒቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ ነው፤ ከዚያ በፊት ነቢይ ብቻ ይሉት ነበር» ብሏል። እኔ አምላክነቱን አልቀበልም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ማስረጃ ለእኛ ወገን ከመርዳት ይልቅ ያሳፍረናል። በኒቅያ የተወገዘው የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ እንኳ ወልድን ከዓለም በፊት የነበረ፣ ዓለም የተፈጠረበት ብሎ ያምን ነበር። ጠቡ «ያልነበረበት ጊዜ ነበር» በምትለው አነጋገሩ ላይ ነው፤ ማለትም ወልድ ፍጡር ነው ወይስ አይደለም? «ሰው ብቻ ነው» የሚል ተከራካሪ በዚያ ሙግት ውስጥ ዋና ወገን አልነበረም። ስለዚህ ኒቅያን እንተዋትና ወደ መጽሐፉ እንሂድ። ማርቆስ 13፥32 ስለ መጨረሻዋ ቀን «ልጅም ቢሆን» አያውቅም ይላል። ዮሐንስ 17፥3 አብን ብቻውን «እውነተኛ አምላክ» ይለዋል። እነዚህን የሚመልስልኝ ማን ነው?

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ስለ አርዮስ እውነቱን በመናገርህ ላመስግንህ። በማርቆስ ቃል ላይ ግን ደረጃውን አስተውል፦ ሰው፣ ከዚያ መላእክት፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ አባት። ልጁ ከመላእክት በላይ፣ ከአብ ቀጥሎ ተቀምጧል። ነቢይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ መሰላል ላይ ምን ያደርጋል? አለማወቁን አባቶች የተናገሩት ለለበሰው ሥጋ ነው። ቶማስም «ጌታዬ አምላኬም» ሲለው (ዮሐንስ 20፥28) አልገሠጸውም።

ጠያቂው፦ መምህር፣ መሰላሉን ተቀብያለሁ፤ አርዮስም ይቀበለዋል። ከመላእክት በላይ መሆንና ከአብ ጋር እኩል መሆን ግን አንድ አይደሉም።

ቀለም ቆጣሪው፦ እኔ በወገንተኝነት አልመጣሁም፤ ትርጉም ላይ ብቻ ልግባ። ቆላስይስ 1፥15ን በእጄ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ «ከፍጥረት ሁሉ በፊት በኵር» ይለዋል። በግሪክኛው «በፊት» የሚል ቃል የለም፤ ቃል በቃል «የፍጥረት ሁሉ በኵር» ነው። ተርጓሚው ክርክሩን እኛ ሳንጀምር ጨርሶልናል ማለት ነው! አምላክነቱን የሚክዱ ግን በዚህ አይደሰቱ፤ በመዝሙር 89፥27 ዳዊት «በኵር» ይባላል፣ ከወንድሞቹ ግን የመጨረሻው ነበር። በኵርነት የማዕረግ ስም ሊሆን ይችላል። ምሳሌ 8፥22ንም እዩ። የግሪክኛው ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ጥበብን «ፈጠረኝ» ያሰኛታል፤ አርዮሳውያን የሙጥኝ ያሏት ቃል ይህች ናት። የዕብራይስጡ ግሥ ግን «ገንዘቡ አደረገኝ» ተብሎም ይፈታል። ዮሐንስ 1፥1 ላይ «ቃልም እግዚአብሔር ነበረ» በሚለው ውስጥ በግሪክኛው መስተአምሯ (ስምን የታወቀ የምታደርገው ቃል) ጎድላለች እያሉ «አንድ አምላክ» ብለው የሚተረጉሙም አሉ። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 18 «እግዚአብሔርን ያየ ማንም የለም» ሲልም መስተአምሯ የለችም፤ እዚያ ግን ማንም «አንድ አምላክ» አይልም።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ክርክሩን ከዮሐንስ መጀመር ልማድ ሆኖብናል። ዮሐንስ ከወንጌሎቹ ዘግይቶ የተጻፈ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ «እምነቱ ቀስ በቀስ አደገ» ለሚለው ሰው ይመቸዋል። እኔ የምጀምረው ከጳውሎስ ነው። አንደኛ ቆሮንቶስ በ50ዎቹ ዓመታት የተጻፈ ነው፤ ከስቅለቱ ሃያ ዓመት ከምናምን በኋላ። በ8፥6 ላይ ጳውሎስ አይሁድ ሁሉ በቃላቸው የሚይዙትን «አምላካችን እግዚአብሔር አንድ እግዚአብሔር ነው» የሚለውን ኑዛዜ ይወስድና «አንድ አምላክ አብ»፣ «አንድ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ» ብሎ ይከፍለዋል። የግሪክኛው ኦሪት ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም «ጌታ» እያለ ነበር የሚጽፈው። በ112 ዓ.ም. ገደማም በትንሿ እስያ ያለችው የቢታንያ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለሮሙ ንጉሠ ነገሥት ትራያን ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ይላል። ከኒቅያ ሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል።

ጎረቤት፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ከፈቀዳችሁልኝ ልግባ። እኛም መሲሕ እንለዋለን፤ ቁርኣን 4፥171 ቃሉ ይለዋል፣ በዚያው አንቀጽ ግን «ሦስት አትበሉ» ይላል። መሲሕ የሚለው ቃል ራሱ «የተቀባ» ማለት ብቻ ነው። ኢሳይያስ 45፥1 የፋርሱን ንጉሥ ቂሮስን እንኳ የተቀባ ይለዋል። ቂሮስ አምላክ ነው የሚል ሰው አለ?

የታሪክ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ስለ ቃሉ ትርጉም ልክ ነህ፤ «መሲሕ» ማለት በራሱ አምላክ ማለት አይደለም፤ ብዙ ክርስቲያን ይህን ይዘነጋል። ግን ምዕራፉን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ቁጥር 23 ላይ እግዚአብሔር «ጉልበት ሁሉ ለእኔ ይንበረከካል» ብሎ በራሱ ይምላል። ጳውሎስ ፊልጵስዩስ 2፥10 ላይ ያንኑ መንበርከክ ለኢየሱስ ስም ይሰጠዋል። ቂሮስ የተቀባ በተባለበት ምዕራፍ ለእርሱ ያልተሰጠው ነገር ለዚህኛው የተቀባ ተሰጠ። እኔን የያዘኝ ይህ ነው።

ጠያቂው፦ እህቴ፣ ይህ እስከ አሁን ከሰማሁት ሁሉ ብርቱው ነው። ከፍ ብለሽ ግን ቁጥር 9ን አንብቢ፦ «በዚህ ምክንያት ደግሞ እግዚአብሔር ያለ ልክ ከፍ ከፍ አደረገው» ይላል፤ ስምም «ሰጠው» ይላል። የተሰጠው ሰው ቀድሞ አልነበረውም ማለት ነው። ቁጥር 11ም «ለእግዚአብሔር አብ ክብር» ብሎ ይዘጋል።

መምህሩ፦ ይህችን «በዚህ ምክንያት» አርዮሳውያንም ይዘዋት ነበር። የአርዮስን ትምህርት የተከራከረው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ሲመልስላቸው፣ ከፍ የተደረገው ሰው የሆነበት ባሕርይ ነው አለ።

ጠያቂው፦ መምህር፣ አይቆጡኝ። ከፍ ያለውን ለመለኮት፣ ዝቅ ያለውን ለሥጋ የምትሰጥ ቁልፍ የማትከፍተው በር የላትም፤ እኔ ደግሞ ሁሉን የምትከፍት ቁልፍ እጠራጠራለሁ። በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ጉባኤ አምላክነቱን በአንድ አፍ የሚመሰክሩት ክርስቲያኖች ራሳቸው በባሕርይ ጉዳይ ለሁለት የተከፈሉት ይህች ቁልፍ እንዴት እንደምትዞር ስላልተስማሙ አይደለምን?

መምህሩ፦ አልቆጣም። ቁልፏን ግን አትናቴዎስ አልሠራትም፤ ጳውሎስ ነው። ከቁጥር 9 በፊት ቁጥር 6 አለ፦ «በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር ሳለ» ራሱን ባዶ አደረገ። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ ከታች በጀመረ ነበር። ጳውሎስ የጀመረው ከላይ ነው።

ጠያቂው፦ «መልክ» እና «ባሕርይ» አንድ ናቸው ካሉኝ ነው። ቀለም ቆጣሪው፣ ይህችኛዋን ቃል አንተ ብትመዝናት እመርጣለሁ።

ቀለም ቆጣሪው፦ ቁጥር 7ም «የባሪያን መልክ ይዞ» የሚለው በዚያው የግሪክኛ ቃል ነው። ባሪያነቱ እውነተኛ ነበር ካልክ ያኛውንም እውነተኛ ማለት ይኖርብሃል። ባሪያነቱ ማስመሰል ነበር ልትለኝ ነው?