ታሪክ በስላይድ የምታስተምሩ፣ እስቲ ምከሩኝ

የአራት ኪሎ መምህር፦
ሰላም ናችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ አስተምራለሁ። በቀደም ፈተና ላይ የዓድዋ ድል በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጠየቅሁ። ከ62 ተማሪ 41ዱ «1988» ብለው ጻፉ። በጣም ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስከፍት ለካ ስላይዱ ላይ 1888ን 1988 ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ! ሌሊት እያንቀላፋሁ የሠራሁት ነው።

አፈርኩ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። 41 ልጅ፣ እሱ ሊወለድ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ምኒልክ ከጣልያን ጋር ተዋጉ ብሎ ሲጽፍ ትንሽ እንኳ አልከነከነውም። አንዱማ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «መምህር፣ 1988 እኮ መቶኛ ዓመቱ የተከበረበት ነው፣ ግማሽ ማርክ አያሰጥም?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰጠሁት።

ክፍል ውስጥ ማስታወሻ የሚይዝ የለም። ስላይድ ስቀይር ስልክ ይነሳል፣ ቀጭ፣ ይወርዳል። ስጨርስ ደግሞ «ቴሌግራም ላይ ይልቀቁልን» ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ 50 ስላይድ አሳያለሁ። ልተወው ወይስ አሠራሬ ነው ችግሩ?

ከኋላ ወንበር፦
50?! መምህር አይቀየሙኝና፣ እሱ ትምህርት ሳይሆን ሩጫ ነው። እኛም እንደዚህ የሚያስተምር መምህር ነበረን። አንድ መስመር ጽፈን ቀና ስንል ሦስት ስላይድ አልፏል። ታዲያ ፎቶ ባናነሳ ምን እናድርግ? መጋረጃ የለም፣ ከሰዓት ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ትተኛለች፣ እሱ ደግሞ በነጭ ላይ ቢጫ ጽሑፍ!

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በጠመኔ ነው ያስተማርኩት። ስላይድ አልጠላም። እኔን ሩብ ሰዓት የሚፈጅብኝን ካርታ አንተ በአንዴ ታሳያለህ። ዝርዝር ግን አትደርድር። የውጫሌን ውል ስታስተምር ስክሪኑ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ትልቅ አድርገህ ጻፍ፦ «ይቻላቸዋል»። የ1881ዱ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። ጣልያኖቹ በእነሱ ቋንቋ ያለውን ይዘው ግዴታ ነው አሉ። ይህን ንገራቸውና በአንዲት ቃል ጦርነት ይነሳል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ከዚያ ዝም በል። እኔ ይህችን ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ቀን ደወል ተደውሎም አይወጡልኝም ነበር።

ባለ ፍላሹ፦
እኔም መምህር ነኝ። ፓወርፖይንት እያሳየህ ኪቦርዱ ላይ «ቢ» የምትለዋን ፊደል ስትጫን ስክሪኑ ይጨልማል፣ ስትደግመው ይመለሳል። ውይይት ሲጀመር አጨልመው፣ ዓይናቸው ወዳንተ ይመጣል። በፒዲኤፍም አስቀምጠህ ያዝ፣ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛው ፎንት ከሌለ ጽሑፍህ ሳጥን ሳጥን ይሆንብሃል። ደርሶብኛል።

የአራት ኪሎ መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ በስድስት ስላይድ ገባሁ። አንዱ ላይ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለው፦ ሚያዝያ 27፣ 1928 እና ሚያዝያ 27፣ 1933። «ምንድን ናቸው?» አልኩ። ዝም። ሁለት ሦስት ልጆች እንደለመዱት ፎቶ አነሱና ስልካቸውን ትክ ብለው አዩት። ምንም የለበትም። ቆይቶ አንዷ «ሁለተኛው የሐውልቱ ነው፣ ታክሲ የምንይዝበት» አለች። የመጀመሪያው ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት፣ ሁለተኛው ንጉሡ የተመለሱበት ነው፤ ልክ በአምስት ዓመቱ። «ቀኑ እንዴት ገጠመ? ሆን ተብሎ ነው?» ብለው ተነሱ፣ ክፍሉ ጦፈ። ይኼኔ «ቢ»ን ተጫንኩ።

ከኋላ አንዱ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለ።