የፊት ዲስክ ቡሎኖች ዝገው አልፈታ አሉ

የሰበታ ሞተረኛ፦ ሰላም ወገኖች። የሞተሬ የፊት ጎማ የፍሬን ዲስክ ቡሎኖች በክረምቱ ጭቃ ዝገዋል፤ የአንዱ የአለን ጉድጓድ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የሚገባበት) መበላት ጀምሯል። አጽድቼ ቀለም ልቀባ ወይስ ልቀይር?

ባለ ጋራዥ፦ የተበላውን ቀይር። በግድ ግን አታዙረው፤ የያዘው ዝገት ብቻ ሳይሆን ፋብሪካው የቀባው ሎክታይትም (ቡሎን እንዳይላላ ጥርሱ ላይ የሚደረግ ሙጫ) ነው። ጭንቅላቱን በሙቅ አየር ማሞቂያ አሙቀው፣ ሎክታይቱ ይለሰልሳል። የእሳት ነበልባል አታስጠጋ፣ የኩሽኔታው ጎማ ይቀልጣል። ከዚያ ጉድጓዱን ከቆሻሻ አጽዳና ቁልፉን በመዶሻ መታ መታ አድርገህ እስከ ታች አስገባው፤ በረጅም እጀታ ቀስ ብለህ ፍታ። ዘይት እንዳትረጭ፤ ዲስኩን ከነካ ፍሬን አይይዝም።

ብረት ወዳጅ፦ ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና ጥርሱ መግጠም አለበት። ጭንቅላቱ ላይ 10.9 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ካለ ያንኑ ግዛ። የማይዝገው ቡሎን፣ ኤ2-70 የሚባለው፣ ቢያብረቀርቅም ጥንካሬው 700 ሜጋፓስካል ነው፤ 10.9 ግን 1000። ስትገጥም የድሮውን ሎክታይት ከጥርሱ አጽዳ፣ ሰማያዊውን ጠብታ አድርግ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል በማንዋሉ ልክ አጥብቅ። ግራሶ ከሎክታይት ጋር አይሄድም!

ባለ ጋራዥ፦ ስለ ቀለሙ፦ 10.9ን ኮምጣጤ ውስጥ አትዘፍዝፍ፤ አሲድ ጠንካራ ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል። በሽቦ ብሩሽ ይበቃል። ቀለሙን ካጠበቅክ በኋላ ጭንቅላቱ ላይ ብቻ፣ ዲስኩን ሸፍነህ ቀባ። ከጭንቅላቱ ስር የገባ ቀለም እየተጨፈለቀ ቡሎኑን ያላላል።