«ማች» ክብሪትም ጨዋታም ሆኖ ተማሪዎቼ አፋጠውኛል

ደሴ ውስጥ የ7ኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ባለፈው አንዷ «ቲቸር፣ ማች ክብሪት ነው ብለኸን ነበር፣ የኳስ ጨዋታም ማች ነው፣ ምን አገናኛቸው?» አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ አመለጥኩ።

መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ለካ የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው። የክብሪቱ ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የኩራዝ ክር ማለት ነበር፣ ከዚያ የጠመንጃ መለኮሻ ገመድ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1826 ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ ሲጭሩት የሚነድ እንጨት ሲሠራ ደግሞ ስሙ ወደዚያ ዞረ። የጨዋታው ግን ከጥንቱ እንግሊዝኛ ነው። ጓደኛ፣ አቻ፣ ከዚያ የሚገጥምህ ሰው። (የኛው «ክብሪት» ራሱ በዐረብኛ ድኝ ማለት ነው፣ ይሄን ስነግራቸው ወደውታል።)

ያቃተኝ በአማርኛ ምሳሌ መስጠቱ ነው። «ገጠመ»ን አመጣሁ፤ በር ይገጥማል፣ ቡድን ይገጥማል፣ ገጣሚም ይገጥማል። ልጆቹ ሳቁብኝ። «እሱማ አንድ ቃል ነው፣ ሁሉም መግጠም ነው» አሉኝ፣ ልክም ናቸው።

ከተለያየ ምንጭ መጥተው ዛሬ በአነጋገርም በአጻጻፍም አንድ የሆኑ፣ የ13 ዓመት ልጅ የሚያውቃቸው ሁለት የአማርኛ ቃላት የትኞቹ ናቸው?