«ዴቫስቴቲንግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ሥሩ ምንድን ነው? «አውዳሚ ወሬ» ይባላልን?

የደብረ ብርሃኑ መምህር፦
በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በቅርቡ በሰጠሁት የትርጉም መልመጃ «ዴቫስቴቲንግ» የሚለውን ቅጽል ሁለት ጊዜ አገባሁት፤ አንዱ ስለ ውርጭ፣ ሌላው አንዲት እናት ስለ ልጇ ስለ ሰማችው ወሬ ነበር። ተማሪዎቹ ለሁለቱም «አውዳሚ» ብለው ጻፉ። «አውዳሚ ውርጭ» የሚለውን ተቀበልሁ፤ «አውዳሚ ወሬ» ግን ጆሮዬን ቆረቆረኝ፣ ምክንያቱን ለማስረዳት ስሞክርም እኔው ተደናገርሁ። የቃሉን አመጣጥና ከ«ዲስትራክቲቭ» የሚለይበትን ብታስረዱኝ።

ከመሐል ሜዳ፦
መምህር ሆይ፣ የእርስዎ ጆሮ ልክ ነው። በላቲን «ቫስቱስ» ማለት ባዶ፣ ሰው የሌለበት፣ ወና ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ የተገኘው «ዴቫስታሬ» ደግሞ አገርን ፈጽሞ ወና ማድረግ ነው፤ ቅጽሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ግዙፍና ሰፊ የሚባለው «ቫስት» የዚሁ ዘመድ ነው። «ዲስትራክቲቭ» ግን «ስትሩኤሬ» ከሚለው፣ መካብና መገንባት ማለት ከሆነው ግሥ የመጣ ስለ ሆነ፣ የተካበውን መናድ፣ የቆመውን ማፍረስ ነው። ልዩነቱን ለማየት ከመንዝ አይርቁ፤ ውርጭ የመታው ገብስ አይፈርስም፣ ከሩቅ ለሚያየው ቆሞ ያምራል፣ እሸቱን ሲያሹት ግን ፍሬ የለውም። «ዴቫስቴቲንግ» ያ ነው።

ከአንኮበር፦
ከላይ ለተባለው አንድ ጥንቃቄና አንድ ነገር ልጨምር። «ወና» እና «ቫስቱስ» በድምፅ ስለ ተቀራረቡ ዘመድ ናቸው የሚል እንዳይነሣ፤ የሁለቱ መመሳሰል በትርጉም ብቻ ነው። የሚጨመረው ደግሞ ይህ ነው፦ የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም በ1069 እና በ1070 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰሜን እንግሊዝን በሠራዊት ካስጠፋ በኋላ፣ በ1086 በተዘጋጀው «ዱምስዴይ» በተባለው የመሬት መዝገብ ውስጥ በዮርክሽር ብዙ ርስቶች «ዋስታ ኤስት»፣ ማለትም «ወና ናት»፣ ተብለው ተጽፈዋል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛው «ጠፍ» ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ጥሎበት ነበር። «ጠፍ» ከ«ጠፋ» ጋር አንድ ሥር ያለው በመሆኑ፣ እኛም ጥፋትንና ባዶነትን በአንድ ቃል ቤት አኑረናል።

የደብረ ብርሃኑ መምህር፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ስለ እናቲቱ ምን ብዬ ላርም?

ከደብረ ሲና፦
ልጁ ሞቶ ከሆነ «መርዶ» ይበቃል፤ መርዶ ቅጽል አይሻም። በሕይወት ካለ ግን «ቅስም የሚሰብር ወሬ» ይሻላል። እንግሊዞቹ የሰውን ውስጥ እንደ ተጠፋ አገር አይተው ወና ሲያደርጉት፣ እኛ ቅስሙን እንሰብራለን፤ ምስሉ ቢለያይም ጉዳቱ ያው ነው።

የደብረ ብርሃኑ መምህር፦
በመልመጃው ልጁ ታስሯል እንጂ አልሞተም። እንግዲያው «ቅስም የሚሰብር» ብዬ አርማለሁ፣ «አውዳሚ» ብለው ለጻፉትም ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ።